ለእጅ የተሰጠኝ ክሬም

አረብ አገር ቆይታ የተመለሰችን ሴት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣዋን ይመስላችሁ ይሆናል። ፊቷን ነው። ፊቷ ከቀላ «ደልቷት ነው የኖረችው» ይባላል። ከጠቆረ አሥር ሻንጣ ብታወርድም «ምስኪን፣ ሲያለፏት ኖረው» ነው። ይህን ስለምናውቅ እዚህ ያለን ሴቶች ለኢጃዛ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ለመግባት፣ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረን ፊታችንን ማዘጋጀት እንጀምራለን። ብዙዎቻችን ቲኬት ሳንቆርጥ ክሬም እንገዛለን። አፍ አውጥታ የምትናገረው የለችም እንጂ የማታደርገው ጥቂት ናት። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም በስድስት ቀን ልጨርስ ብዬ።

ስሜን አልጽፍም። የሚያውቁኝ ካነበቡት ያውቁኛል፣ ለማያውቁኝ ስሜ ምንም አይጨምርም። ያኔ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነበር። ዱባይ፣ ጁሜይራ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ከአምስቱ አንዱም ሰላም የሚለኝ አይመስለኝም። የቤቱ ማዳም ስታሰናብተኝ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ብላ ለብሳ የጨረሰችውን አባያ ሰጠችኝ። ከዚያ ሻርጃ ውስጥ አንድ የሴቶች ሳሎን የጽዳት ሥራ አገኘሁ። የተቆረጠ ፀጉር እጠርጋለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ፣ የጥፍር ቀለም የፈሰሰበትን ወለል እፈገፍጋለሁ። ማደሪያዬ ከሻርጃ አጠገብ አጅማን ነበር፣ አልጋ ብቻ ተከራይተን ስድስት ሴቶች በምንኖርበት ቤድ ስፔስ። አልጋዎቹ ፎቅና ምድር ናቸው፤ እያንዳንዷ አልጋዋን በመጋረጃ ጋርዳ ያችን መጋረጃ ቤቴ ትላለች።

አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሰሚራ ትባላለች። ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ሳለች ኮምቦልቻ ለታላቅ እህቴ ለሉባባ ትቻት ነው የወጣሁት። ሉባባ አሳደገቻት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «እማ» እንድትላት ያደረገችው ራሷን ነው። እኔን «እትዬ» በያት አለቻት። ለምን ስላት «ልጅ ናት፣ ሁለት እናት ግራ ያጋባታል» ብላ መለሰችልኝ። እኔም ከባሕር ማዶ ሆኜ ምን ልል እችላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በስልክ «እትዬ ጫማዬ አለቀ»፣ «እትዬ ዩኒፎርም ቀየሩብን» ስትለኝ ኖረች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ እንግዳ ሆኜ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ሳሎኑ ጓዳ ውስጥ ፎጣ እያጠፍኩ ደወለች። ልታገባ መሆኗን ቀድማ ሉባባ ነግራኝ ነበር፣ ቀኑንም አውቀዋለሁ። የደወለችው ለሌላ ነገር ነበር። «ሂናዬን አንቺ ነሽ የምትቀቢኝ፣ እማዬ» አለችኝ።

እዚያው ፎጣው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ ቤት ሙሽራ ሂና የምትቀባው ከሰርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የወንዱም የሴቷም ወገን ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ሙሽራዋ መሐል ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያውን ሂና መዳፏ ላይ የምታኖረው እናቷ ናት። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሚከተለው። ሰሚራ ያለችኝ ነገር ያ ነው፤ ሰው ሁሉ ባለበት እናቴ አንቺ ነሽ ልበልሽ ማለቷ ነው። እኔም እሺ አልኳት። 

በማግስቱ የሉባባ የድምፅ መልእክት መጣ። እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፣ አላጠፋሁትም። የሙሽራው ወገኖች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ «አረብ አገር ያለችው እናቷ» እያሉ በጉጉት ይጠብቁሻል ትላለች። የጎረቤታችን ልጅ ከዱባይ ስትመጣ እንደ ወተት ነጥታ እንደመጣች ትነግረኛለች። ቀጥላም «አንቺ ባለፈው ስትመጪ ከስለሽ ነበር። እንደዚያ ሆነሽ እንዳትመጪብን፣ ግርድና ፊትሽ ላይ ይነበባል። ልጅቷን ታሳፍሪያታለሽ» ትላለች። እህቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። የበላችውም የለበሰችውም ከዚያ ግርድና ነው።

የሳሎኑ ባለቤት ዕረፍቴን የፈቀደችልኝ በረራው ሳምንት ሲቀረው ነበር። ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ሂናው ነው፣ እሑድ ሰርጉ። ቅዳሜ ዕለት፣ በረራው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በትንሿ መስታወቴ ፊቴን አየሁት። ጉንጬ ላይ ማድያት ነበረብኝ፣ ግንባሬ ጠቁሯል። የሉባባ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ከእኔ ጎን ባለው አልጋ ላይ ዘይነባ ትተኛ ነበር። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሳለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። ሲያተኩሰኝ ግንባሬን የምትዳብሰው፣ ከሥራ ስዘገይ ምግብ ከድና የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት። ቀን ቀን አንድ ቤት ትሠራለች፣ በዕረፍቷ ቀን ደግሞ ክሬም ትቀላቅላለች። ከአጅማን ሱቆች ሦስት አራት ዓይነት ገዝታ በሳህን ትለውስና ባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ትሞላዋለች። ነጭ ክዳን ያለው ለፊት ነው። ቀይ ክዳን ያለው ለእጅ፣ ለክርን፣ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ነው። የጣት መገጣጠሚያ ግትር ነው፣ በቀላሉ አይቀላም ትላለች፤ ስለዚህ ቀዩን እጥፍ አድርጋ ታጠነክረዋለች። ደንበኞቿ እስከ ዱባይ፣ ሙሀይስና ድረስ ነበሩ። አንዲትም ሴት ተጎዳሁ ብላ መጥታ አታውቅም።

ነጩን ልጠይቃት እችል ነበር። ግን ፊት የሚቀባ የጠየቀች ሴት አገሯ ልትገባ ነው ማለት ነው፣ ያን ሁሉም ያውቃል። ወዲያው ጥያቄው ይመጣል፤ መቼ ነው፣ ለምንድን ነው፣ ማን ሊያገባ ነው። እኔ ደግሞ መንገዴን ለሰው አልናገርም። አንድ ጊዜ ተናግሬ፣ ጓዜን ሸክፌ፣ በመጨረሻው ቀን ቀርቶብኛል። የሰው ዓይን ነው ብዬ አምኛለሁ፣ ዛሬም ከልቤ አልወጣም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዘይነባ ሰሚራን የእህቴ ልጅ አድርጋ ነበር የምታውቃት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጄ ናት ብዬ አልነገርኳትም። ኤጀንሲው መጀመሪያ ሲመዘግበኝ ልጅ የለኝም ብዬ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ውሸቱን ማን ይፍታው።

ስለዚህ ሳሎን ውስጥ በረኪና እጄን ፈጀው፣ የጣቶቼን መገጣጠሚያ ማየት አስጠላኝ አልኳት። እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችውና ጣቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። አዘነችልኝ። ቀዩን ክዳን አውጥታ ሰጠችኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለችኝም። አሠራሩን አስረዳችኝ፤ ማታ ስስ አድርጊ፣ ጠዋት ታጠቢ፣ ጓንት አድርጊ። ወደ ደረጃው ስሄድ ተከትላኝ መጣችና ይህን ብቻ ደገመችልኝ፦ «እትዬ፣ ፊትሽ አጠገብ እንዳይደርስ። ተቀብተሽ ዓይንሽን እንኳ እንዳታሺ።»

እሺ አልኳት። ልቤ ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። ለደረቅ እጅ ስድስት ቀን ከበቃው ለፊት ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ ጠንካራ ከሆነ ይፈጥናል ብዬ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ማታ መጋረጃዬን ዘግቼ ስስ አድርጌ ተቀባሁ። ለበለበኝ፣ ግን መለብለቡን እንደ መሥራቱ ቆጠርኩት። እሑድ ጠዋት ስነሳ ዋላሂ ፊቴ ጠርቶ ነበር። የማድያቱ ዳር ደብዝዟል፣ ቆዳዬ ወጥሯል። በአውቶቡስ ወደ ሻርጃ ስሄድ በመስኮቱ መስታወት ደጋግሜ ፊቴን እያየሁ ፈገግ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ህንዳዊት ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም።

ያን ዕለት ሳሎኑ ጭር ያለ ነበር። ጆይ የምትባል የፊሊፒን ልጅ አለች፣ ፀጉርና ጥፍር የምትሠራ፤ ሁሌ ነይ ልሥራሽ እያለች ትለምነኛለች፣ እኔ ሁሌ እምቢ እላለሁ። ያን ቀን ግን እሺ ስላት ገርሟት የሳሎኑን ባለቤት አስፈቅዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሥሩን ስጠርግ የኖርኩትን ወንበር። ፀጉሬን አጥባ ማለስለሻውን በብሩሽ ቀባችው፣ ጠብቃ አጠበችው፣ ከዚያ በብረቱ ቀጥ ቀጥ አደረገችው። ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጥፍሬን ሞርዳ አስተካከለችው፤ ቀለም ግን አልፈለግሁም፣ ለውዱእ፣ ለሶላት ስታጠብ፣ ውኃ አያስገባም አልኳት። ደግሞም ሂና ስቀባ ጣቴ ባዶ እንዲሆን ፈልጌያለሁ፣ ይህን ግን አልነገርኳትም። ስትጨርስ ወንበሩን አዞረችው። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ትንሽ ቆይቼ ነው ያወቅኋት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ሙሽራ ቤት ገብታ «እናቷ እኔ ነኝ» ብትል ማንም አይስቅባትም።

ጆይ ግን ጉንጬን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ምን እየተቀባሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምንም፣ ፀሐይ ነው አልኳት። ፀሐይ አይመስልም፣ የምትቀቢው ነገር ካለ ዛሬውኑ አቁሚ አለችኝ። ቀናች አልኩ በልቤ።

ያን ማታ ወፍራም አድርጌ ተቀባሁ። ይሞቃል ብዬ ምግብ በሚከደንበት ላስቲክ ፊቴን ሸፈንኩት፣ አፍንጫዬን ብቻ ትቼ። ሲለበልበኝ ጥርሴን ነከስኩ። ሂናውን አሰብኩ፤ መዳፏ ምን ያህል ይሆን አልኩ። ስተዋት መዳፏ የእኔን አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚይዘው።

ሰኞ ጠዋት ፊቴ ቀይ ነበር። ቀላሁ ብዬ ማስክ አድርጌ ሥራ ሄድኩ። አውቶቡሱ ዘገየና ፀሐይ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ማስኩን ላወልቅ ስል ጉንጬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ስስበው ቆዳው አብሮ መጣ።

ማክሰኞ ዓይኖቼ አብጠው የሚታየኝ በጭላንጭል ነበር። የጠራው ቦታ ሁሉ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ቁስል ሆኗል። አገጬ ሥር ውኃ ቋጥሯል። ዘይነባ በዚያ ሳምንት እዚያው የምትሠራበት ቤት ነበር የምታድረው፣ የምትመጣው እሮብ ነው። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛዋ ቤቲ፣ ጴንጤዋ ልጅ፣ እጄን ይዛ ፋርማሲ ወሰደችኝ። ፋርማሲስቱ ምን እንደተቀባሁ ሲጠይቀኝ አላውቀውም አልኩ። ቅባት ሰጠኝና ሆስፒታል ሂጂ አለኝ፤ ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ ለወራት ፀሐይ እንዳያገኝሽ አለኝ። ስንት ቀን ይፈጃል አልኩት፤ ለዓርብ ይደርሳል ወይ ማለቴ ነበር። እሱ ግን የሚያወራው በሳምንታት ነው። ስንመለስ ቤቲ መንገድ ላይ ትጸልይልኝ ነበር። እኔ አሚን አላልኩም። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን ገና አልወሰንኩም።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ዘይነባ መጣች። መጋረጃዬን ከፍታ ፊቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምንም ሳትጠይቅ ወጥታ ቀዝቃዛ እርጎና ጥጥ ይዛ ተመለሰች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀስ እያለች ትቀባኝ ጀመር፣ እንባዋ አባያዋ ላይ ይንጠባጠባል። የቀሩት ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። ምን ተቀብታ ነው አለች አንዷ። ሌላዋ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ሙሽኪላው፣ ስለሚመጣብን ችግር ማውራት ጀመረች።

«ዘይነባ የሰጠችኝን ነው» አልኩ።

የዘይነባ እጅ ጥጡን እንደያዘ ቆመ። «ቀዩን? ፊትሽን ተቀባሽው? ለእጅሽ ነው እኮ ያልሽኝ።»

አምስቱም ያዩኛል። እውነቱን ብናገር ቀጥሎ ለምን የሚለው ይመጣል፤ ለምን ዋሸሻት፣ የት ልትሄጂ ነው፣ ማን ናት ሰሚራ። ደግሞም በዚህ ዕድሜዋ የእጅ ክሬም ፊቷ ላይ የለጠፈች ጅል እባላለሁ። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። «ለፊቴ ነው ያልኩሽ» አልኩ።

አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፣ መንገድ የጠፋባት ትመስል ነበር። «ዋላሂ በዪ» አለችኝ።

«ዋላሂ» አልኩ።

ዘይነባ ጥጡን አስቀመጠችው። ቤቱን በስሟ የተከራየችው ሴት ኸላስ፣ በቃ አለች፤ ይህ ነገር ፖሊስ ጋ ቢደርስ ሁላችንም እንጠፋለን፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አለቻት። ዘይነባ ለመነች እንኳ አልልም። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ላስቲክ ጓዟን ጠቀለለች። የእርጎ ዕቃዎቿን ሁሉ ሽንት ቤት ደፍታ አጠበቻቸው። ስትወጣ መጋረጃዬ አጠገብ መጣችና እርጎውን ትራሴ ጎን አስቀመጠችልኝ። «በየሁለት ሰዓቱ ቀይሪው። ፀሐይ አትውጪ» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ የተኛሁ መስዬ። የበሩን ድምፅ ሰማሁ።

የፊቴን መቃጠልና የዘይነባን መባረር የዚያ ቤት ሴቶች ያውቁታል። ውሸቴንና ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ዛሬ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው።

መሄድ እችል ነበር። ቲኬቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሻንጣው አልጋ ሥር ተዘጋጅቷል፣ ፓስፖርቴ በእጄ ነው። ዓርብ ንጋት ላይ ጥቁር ኒቃብ ለበስኩ። ዓይኔ እብጠቱ ቀንሶ ነበር፣ ከዓይኔ በቀር ምንም አይታይም። ለቤቲ ሆስፒታል እሄዳለሁ ብያት ታክሲ ይዤ አየር ማረፊያ ደረስኩ። ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ከፊቴ ያሉት የአገሬ ሴቶች ነበሩ፣ ወሎዬዎች፣ ከንግግራቸው ያስታውቃሉ። ሦስቱም ፊታቸውን አዘጋጅተዋል፤ ጉንጫቸው ያበራል፣ ጣታቸው ግን ጠቁሯል። እየተሳሳቁ «አይ ጣት፣ ገበናችንን ሊያወጣ» ይባባላሉ። አንዷ ዞራ ሻንጣዬን አየችና «እህቴ፣ አንቺስ የየት ነሽ?» አለችኝ በአማርኛ። እንዳልገባኝ ሆኜ ዓረብ መሰልኩ። ተወችኝ።

ሰልፉ ሄዶ ሄዶ ሁለት ሰው ሲቀረኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታየኝ። ሴቶች ብቻ ባሉበት ቤት ኒቃብ አይደረግም። ሉባባ ገና ስገባ «ምነው፣ እንይሽ እንጂ» ትላለች። የሙሽራው እናት ትኖራለች። ገልጬው ሰሚራ ፊት እንበረከካለሁ፣ ሂናውን በጣቴ አነሳለሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ቢስሚላህ ብላ ስትደነግጥ ታየኝ። ሰሚራም ስታየኝ፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሉባባ ስታዞር ታየኝ።

ከሰልፉ ወጣሁ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሙሽኪላ አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ አጅማን ተመለስኩ።

ለሰሚራ «ማዳም ፓስፖርቴን ከለከለችኝ» አልኳት። ሰው የሚያምነው ውሸት ነው፤ በስንቷ ላይ ደርሷል። የሳሎኑ ባለቤት ግን አልከለከለችኝም፣ እንዲያውም ለሙሽራዋ ብላ አንድ ሽቶ ሰጥታኝ ነበር። የእሷንም ስም አጠቆርኩት።

ቅዳሜ ደወሉ። ሉባባ ስልኩን አንድ ልጅ እንዲይዝ አድርጋ ቤቱን ሁሉ አሳየችኝ። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ። ሰሚራ መሐል ተቀምጣለች፣ አረንጓዴ ለብሳ፣ ሁለት መዳፏን ዘርግታ። እኔ በመጋረጃዬ ውስጥ ነኝ፣ እርጎ ፊቴ ላይ ደርቋል፣ ካሜራዬን ዘግቼዋለሁ።

«ካሜራውን ክፈቺው፣ እማዬ» አለችኝ። «የግድ ቅቢኝ አላልኩሽም። ፊትሽን ልየው ብቻ። እያየሽኝ ይቀቡኝ።»

«ተበላሽቷል» አልኳት።

«የቤቲን ስልክ ተዋሺ።»

«የለችም።»

ቤቲ ከላዬ አልጋ ላይ ነበረች፤ ስትንቀሳቀስ ይሰማኛል። ሰሚራ ጠበቀች። ሴቶቹ ማጨብጨብ እንዳቆሙ ትዝ ይለኛል። ጣቴ የካሜራው ምልክት ላይ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ልጄ የጠየቀችኝ ሂና አልነበረም፣ ፊቴን ነበር፤ እንዴትም ቢሆን። ያን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

«በቃ ጊዜው ሄደ» አለች ሉባባ። ተንበረከከችና ሂናውን አነሳች። ሰሚራ እስክትቀባ ድረስ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም። ሲያልቅ «እሺ፣ እትዬ» አለች፣ ስልኩም ተዘጋ።

ፊቴ በአምስት ወር ዳነ፣ አገጬ ሥር ካለው ጠባሳ በቀር። ከዓመት በኋላ ሄጄ አየኋቸው። ሰሚራ አከበረችኝ፤ እጄን አስታጠበችኝ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። «ዘንድሮ ማዳምሽ እንዴት ፈቀደችልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሳትስቅ። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሉባባን አያቴ ይላል። ሉባባ ይህን ካነበበች የምላት ነገር አለኝ፤ ያ መልእክትሽ አለ፣ ቃል በቃል። ፊቴን አንቺ አላቃጠልሽውም። ግን በዚያ ፊት አትምጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ይህን ደግሞ ይዘሽ ኑሪ።

እናንተም የምታነቡት፣ በተለይ ሻንጣችሁ አልጋ ሥር ያላችሁ፣ ክሬም አትቀቡ ብዬ አልሰብካችሁም። ብላችሁም አትሰሙኝም፣ እኔም ጆይን አልሰማኋትም። የምለው ሌላ ነው። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ እንደሆናችሁ ሂዱ። የተላጠ ፊት ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል። ያልመጣ ሰው ግን አይለመድም፤ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ ያኔ ጉዳዩ ያልቃል።

ዓምና ሻርጃ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዘይነባን አገኘኋት። ከስታለች። ጀበል አሊ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፣ ክሬም መቀላቀል ከተወች ቆይታለች። እኔ ለመሸሽ ሳስብ እሷ ቀድማ መጣችና ሰላም አለችኝ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችኝና አየችው፣ ያኔ ጣቶቼን እንዳየቻቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው የዳነው» አለችኝ። «እርጎውን ቀይረሽው ነበር?»

ቀይሬዋለሁ አልኳት። አፌ ላይ የነበረውን ግን አልተናገርኩም። አውቶቡሷ መጣ። ስትወጣ ዞር ብላ እጇን አነሳችልኝ።

የምትኖርበትን አልጠየቅኋትም፣ ስልኳም የለኝም። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ከሚሴ የተወለደች፣ ድሮ አጅማን የነበረች፣ አሁን ዕቃ የምታሽግ ዘይነባን የምታውቁ ካላችሁ፣ እውነቱን የተናገረችው እሷ እንደሆነች፣ በሐሰት የማልኩት እኔ እንደሆንኩ ንገሯት። እሷ ማንበብ አትችልም። አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት።